ዘመዳሞችና ሞክሼዎች፦ ብዙ ትርጉም ያላቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ስለ መያዝ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ ጤና ይስጥልኝ። ተማሪዎች፣ መምህራን የሥራ ባልደረቦቼ፣ ልጆቻችሁን አስከትላችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ እንዲሁም እዚያ በሩ አጠገብ የቆማችሁ፣ እንደምን አመሻችሁ? ከፊት ባዶ ወንበር አለ፤ እባካችሁ ቅረቡ። ከፊት የተቀመጠ ሰው ይጠየቃል ብላችሁ ሰግታችሁ ከሆነ ልክ ናችሁ። ከኋላ ያለውም ግን አይቀርለትም።

አዘጋጆቹ ስለ ጋበዙኝ አመሰግናለሁ። የሰጡኝ ርዕስ «ብዙ ትርጉም ያላቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት በቀላሉ የማስታወስ ዘዴዎች» የሚል ነበር። «በቀላሉ» የምትለዋን ተነጋግረን አውጥተናታል። ቀሪው እንዳለ ነው።

በጥያቄ ልጀምር። በአማርኛ «ጣለ» ማለት ምን ማለት ነው? አዎ፣ በዚያ በኩል፤ «ወረወረ» አላችሁ። ሌላስ? «ትቶ ሄደ»። መልካም። እንግዲያው «ዝናብ ጣለ» ስንል ዝናቡን ማን ወረወረው? ዶሮዋ እንቁላል ጣለች ስንል ትታው ሄደች ማለታችን ነው? ድንኳን ተጣለ እንላለን፤ የተጣለው ድንኳን ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል! ቤት የሚሠራ ሰው መሠረት ይጥላል። ዕጣ እንጥላለን። ቀረጥ ይጣልብናል። ተስፋችንን በሰው ላይ እንጥላለን። ትግል የሚያውቅ ተጋጣሚውን ይጥላል።

አሁን እውነቱን ንገሩኝ። ከእናንተ መካከል «ጣለ አንደኛ፣ ጣለ ሁለተኛ፣ ጣለ ሦስተኛ» እያለ ያጠና አለ? አንድም እጅ አላየሁም። ሁላችሁም ግን ታውቁታላችሁ፤ አንዱን ከሌላው አታምታቱም። ታዲያ ይህንን ሁሉ ያለ ደብተር የያዘ ጭንቅላት የእንግሊዝኛ ቃል ሲመጣበት ለምንድን ነው ቁጥር እየሰጠ በዝርዝር የሚጽፈው?

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ትጉህ ነበረች፤ እንደ እርሷ ያለ ደብተር ከዚያ በኋላም አላየሁም። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ገጽ፣ በቀይ የተሰመረ፣ ትርጉሞቹ በቁጥር የተደረደሩ። «ቻርጅ» በላት፤ ከአንድ እስከ ስምንት ሳትንተባተብ ታወርድልሃለች። አንድ ቀን ግን ከጋዜጣ የተወሰደ አጭር ዓረፍተ ነገር ሰጠኋት። ፖሊስ አንድን ሰው በስርቆት «ቻርጅ» አደረገው ይላል። ቀና ብላ አየችኝና ዝርዝሩን ከቁጥር አንድ ጀምራ ታነበንብ ጀመር፤ ስምንት ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ሰውየውን ባትሪ ልታደርገው ምንም አልቀራትም ነበር!

የልጅቱ ችግር ምን ነበር? ማስታወስ አይደለም። አስታውሳለች። ችግሯ መምረጥ ነበር። ዝርዝር ቅደም ተከተል ያስይዛል፤ ምርጫ ግን አያስተምርም። ስለዚህ ዛሬ የማስታወሻ ዘዴ ስል ዝርዝሩን ቶሎ የምንሸመድድበትን ብልሃት ማለቴ አይደለም። ዝርዝሩን የምንጥልበትን ማለቴ ነው። አያችሁ፣ «መጣል» እንደገና መጣ።

ሦስት ነጥብ ይዤ መጥቻለሁ። የመጀመሪያው ረጅም ነው፤ ታገሡኝ። ሁለተኛው ያስቃል። ሦስተኛውን እንደ ሰዓቱ አደርገዋለሁ።

አንደኛው ነጥቤ ይኸውና። ብዙ ትርጉም ያለው ቃል ሲገጥማችሁ፣ ማናቸውንም ዘዴ ከመፈለጋችሁ በፊት፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ እነዚህ ትርጉሞች ዘመዳሞች ናቸው ወይስ ሞክሼዎች?

ሞክሼ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ሞክሼዎች ናቸው። አንድ ስም ይጠራሉ እንጂ አንድ ደም የላቸውም፤ አንዱን ብታውቀው ስለ ሌላው ምንም አልተነገረህም። ዘመዳሞች ግን መልካቸው ይመሳሰላል፤ አያታቸውን ያየ ሰው የልጅ ልጆቹን ከሩቅ ይለያል። የእንግሊዝኛ ቃላትም እንደዚሁ ናቸው። አንዳንዱ ቃል ከአንድ ጥንታዊ ሐሳብ የተወለዱ ብዙ ትርጉሞች አሉት። አንዳንዱ ደግሞ በድንገት፣ በድምፅ መለዋወጥ ብቻ፣ አንድ ዓይነት መልክ የያዙ ፍጹም ባዕዳን ናቸው።

እንዴት ነው የምንለያቸው? መዝገበ ቃላት ክፈቱ። ጥሩ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሞክሼዎችን ለየብቻ ያስገባቸዋል፤ ያው ቃል ሁለት ጊዜ ወይም ሦስት ጊዜ ራሱን ችሎ ይጻፍና አናቱ ላይ ትንሽ ቁጥር ይደረግበታል። ዘመዳሞችን ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቃል ሥር ያሰልፋቸዋል። ይህቺ ትንሽ ቁጥር ብዙ ነገር ትናገራለች፤ በየክፍሉ ስጠይቅ ግን ልብ ብሎ ያያት ተማሪ እምብዛም አላገኝም።

ይህን መለየት ለምን አስፈለገ? ምክንያቱም ለዘመዳሞቹ የሚሠራው ዘዴ ለሞክሼዎቹ አይሠራም፤ የሞክሼዎቹም ለዘመዳሞቹ ከንቱ ድካም ነው። ለዘመዳሞቹ እናትየውን መፈለግ ነው። ለሞክሼዎቹ ደግሞ መፍጠር ነው።

ከዘመዳሞቹ እንጀምር፤ «ቻርጅን» ላንሣ፣ ልጅቱን ያስቸገራትን። እኔ ይህን ቃል የተማርኩት ተማሪ ሳለሁ ከአንድ ቁጡ ነገር ግን ጎበዝ መምህር ነው። ምንም ሳይናገር ሰሌዳው ላይ ጋሪ ሣለ። ጋሪው ላይ ጭነት ሣለ። ከዚያ ዞር ብሎ «ይህ ቻርጅ ነው» አለን። እውነቱን ነበር፤ ቃሉ የመጣው ጋሪን ከሚያመለክት የላቲን ቃል ሲሆን ጥንተ ትርጉሙ ጋሪ ላይ መጫን ነው። ቀጥሎ ጠየቀን፦ ባትሪ ላይ ምን ይጫናል? ኤሌክትሪክ። አገልግሎት ባገኘ ሰው ላይስ? ክፍያ። በተጠረጠረ ሰው ላይስ? ክስ። በኃላፊ ትከሻ ላይስ? ኃላፊነት። አራቱም በእንግሊዝኛ «ቻርጅ» ናቸው። እዚያው ጨረስነው፤ ዝርዝር አልጻፍንም። ጦር ተንደርድሮ ሲያጠቃም «ቻርጅ» ይባላል፤ ይህኛው ትንሽ ይርቃል፤ ቢሆንም ሠራዊቱ ክብደቱን ሁሉ በጠላት ላይ ሲጭን ይታያችሁ።

አሁን ልብ በሉ። ያ መምህር የሠራው ትልቁ ነገር ሥዕሉ አይመስለኝም። ትልቁ ነገር «ጫነ» የሚለውን የአማርኛ ግስ ማግኘቱ ነው። ዕዳ ተጫነበት እንላለን። ሥራ ተጫነብኝ እንላለን። ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። አማርኛ ይህን መንገድ ቀድሞ ሄዶበታል! እኔ ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፦ ለዘመዳም ትርጉሞች ምርጡ የማስታወሻ ዘዴ በአፋችሁ ውስጥ ያለ የአማርኛ ግስ ነው። ፈልጉት። ሁልጊዜ አይገኝም፤ ሲገኝ ግን ተአምር ይሠራል።

ላሳያችሁ። «ፋይን» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ደህና፣ ጥሩ፣ ያማረ። ታዲያ ይኸው ቃል ለምን የገንዘብ ቅጣት ይሆናል? መኪና ማቆም ለሚከለክል ምልክት የተነገረ የቆየ የእንግሊዝኛ ቀልድ አለ። ምልክቱ ላይ «ፋይን ፎር ፓርኪንግ» ይላል፤ ነጂው «ለማቆም ጥሩ ቦታ» ብሎ አንብቦ፣ አመስግኖ፣ መኪናውን ያቆማል። ሁለቱም የሚወጡት ፍጻሜ ማለት ከሆነ አንድ የላቲን ቃል ነው። እስኪ አማርኛውን አድምጡ፦ ፈጸመ፣ ፍጻሜ፣ ፍጹም። እስከ ፍጻሜው የተሠራ ነገር ፍጹም ይሆናል፤ ይህ የመጀመሪያው «ፋይን» ነው። ጥፋተኛም ክፍያውን ከፍሎ ጉዳዩን ይፈጽማል፤ ይህ ሁለተኛው «ፋይን» ነው። ከዚህ በኋላ ትረሱታላችሁ? አይመስለኝም።

«ፔሸንት»ስ? በሽተኛ ነው፤ ትዕግሥተኛም ነው። አንድ ተማሪ «ሐኪሙ ፔሸንቱን እንዲጠብቅ ነገረው» የሚለውን «ሐኪሙ ትዕግሥተኛውን እንዲታገሥ መከረው» ብሎ ሲተረጉም ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔ ግን ልጁን አልወቀስኩትም፤ ከሥሩ ብዙም አልራቀምና። የላቲኑ ሥር መሠቃየትን፣ መቻልን ያመለክታል። በአማርኛ «ቻለ» በሉ፦ አንዱ ሕመም ይችላል፣ ሌላው መዘግየት ይችላል። ሁለቱም ቻዮች ናቸው።

አማርኛ ግስ የማይገኝላቸውም አሉ። ለእነዚህ ሥዕል እንይዛለን። «ስፕሪንግ» የሚባል ቃል አለ። መዝለል ነው፤ የውኃ ምንጭ ነው፤ የብረት ሞላ ነው፤ ፀደይ የተባለው ወቅትም ነው። የሚያገናኛቸው ምንድን ነው? ድንገት ብድግ ማለት። ውኃው ከመሬት ብድግ ይላል፤ ሞላው ከተጨመቀበት ብድግ ይላል፤ ቡቃያው ከአፈር ብድግ ይላል። እጃችሁን እንዲህ ጨብጡና ክፈቱት። ይኸው ነው ስፕሪንግ።

አሁን ደግሞ ትንሽ አሳፋሪ ነገር ላሠራችሁ ነው። እያንዳንዳችሁ ወደ ጎረቤታችሁ ዞር በሉና ዓይኑን ተመልከቱ። አትፈሩ! የዓይኑን ብሌን፣ ጥቁሯን ክብ ተመልከቱ። ምን ታያላችሁ? አዎ፤ ራሳችሁን፣ አሻንጉሊት አክላችሁ። ሮማውያንም ይህችኑ አይተው ብሌንን «ትንሿ አሻንጉሊት» ብለው ሰየሟት፤ እንግሊዝኛው «ፒውፕል» ከዚያ መጣ። ተማሪም «ፒውፕል» ነው፤ ትንሽ ልጅ ከሚለው፣ ከዚያው ቤተሰብ ከሆነ ሥር ማለት ነው። ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ተማሪው በዓይናችሁ ብሌን ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ልጅ ነው። ይህን ያልኩት ለማሳመር አይደለም፤ ቃሉ ራሱ ያለው ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ሞክሼዎቹ ናቸው። እዚህ እናት የለችም፤ ብትፈልጉም አታገኙም። የዛፍ ቅርፊት «ባርክ» ነው፤ የውሻ ጩኸትም «ባርክ» ነው። ምን ያገናኛቸዋል? ምንም። የወረቀት ማኅደር «ፋይል» ነው፤ ብረት የሚሞረድበት ሞረድም «ፋይል» ነው። ምንም። ብርሃን «ላይት» ነው፤ ክብደት የሌለውም «ላይት» ነው። ምንም። ስለዚህ እኛው እናጋባቸዋለን።

እንዴት? የእኛ የቅኔ ሊቃውንት ከእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት እጅግ ቀድመው ይህን ሥራ ሠርተውታል። ሰምና ወርቁን የሚያጋጥመው ያ አንድ ቃል ኅብረ ቃል ይባላል፤ በአንድ ቃል ሁለት ትርጉም ይኖራል፤ አንዱ ሌላውን ይጠራል። ቅኔ የሰማ ሰው ኅብረ ቃሉን ካገኘው አይረሳውም፤ ምክንያቱም ሁለቱን ትርጉሞች ያገኛቸው በአንድ ቅጽበት፣ በአንድ ምስል ውስጥ ነው። ለእንግሊዝኛ ሞክሼዎችም የምላችሁ ይህንኑ ነው፦ ሁለቱን ትርጉሞች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አጋጩአቸው። ጎን ለጎን አታስቀምጧቸው፤ አጋጩአቸው! ውሻው የዛፉን ቅርፊት እያየ ይጮኻል፤ ባርክ በባርክ ላይ። ቅርፊቱም «እባክህ ባርከኝ» ይለዋል። የአማርኛው «ባርክ» ሳይጠራ መጣላችሁ አይደል? ይምጣ፤ ይጠቅማል።

ይህ የድምፅ መመሳሰልን መጠቀም በጥናትም የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ሪቻርድ አትኪንሰን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ተማሪዎችን 120 የሩሲያኛ ቃላት አስጠና። ግማሾቹ እያንዳንዱን የሩሲያኛ ቃል ድምፁ ከሚመስለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር አያይዘው፣ በዚያ ላይ ምስል ፈጥረው አጠኑ። ሌሎቹ እንደ ፈቀዱ አጠኑ። በፈተናው ምስል የፈጠሩት 72 በመቶ ሲያስታውሱ ሌሎቹ 46 በመቶ አስታወሱ። የሰዎቹ ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለ ነበር ድልድዩን በእንግሊዝኛ ሠሩ። የእኛ ድልድይ ደግሞ አማርኛ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። «ባት» በእንግሊዝኛ የሌሊት ወፍ ነው፤ ኳስ የሚመታበት ዱላም ነው። ሞክሼዎች ናቸው። በአማርኛስ ባት ምንድን ነው? ይኸው፣ ከጉልበት በታች፣ ከኋላ። እንግዲህ ምስሉን ሥሩ፦ የሌሊት ወፍ ባትህ ላይ ተጣብቋል፤ አንተም ዱላ አንሥተህ ትመታዋለህ። ሦስት ባት፣ አንድ ትዕይንት፣ አንድ ጩኸት!

ይህችን ምስል ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። ፊደል ከለየች ብዙ ያልቆየች ልጅ ናት። ሰማችኝ፣ አሰበችና «አጎቴ፣ ልክ አይደለም፤ የሌሊት ወፍ የሚንጠለጠለው ተዘቅዝቆ ነው» አለችኝ። እሺ ይዘቅዘቅ አልኳት። ወረቀት አምጥታ ሣለችው፤ ሰውየውን ዛፍ ላይ አስቀምጣ፣ እግሩን አንጠልጥላ፣ የሌሊት ወፉን ከባቱ ላይ ዘቅዝቃ። ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል የማስተምረው በእርሷ ሥዕል ነው። የእኔው ቀርቷል። ከዚህ የተማርኩት፣ በመጽሐፍ የተዘጋጀ ምስል ቢሰጣችሁም እንኳ ነካ ነካ አድርጋችሁ የራሳችሁ እንድታደርጉት ነው፤ በተከራከራችሁበት ምስል ላይ ቀልባችሁ ያርፋል።

አንዳንድ ጊዜ ዘመዳሞችና ሞክሼዎች አንድ ቃል ውስጥ ተቀላቅለው ይመጣሉ። ደስ የሚለኝ እነዚህ ናቸው። «ማች» ጨዋታ፣ ውድድር ነው። መስማማት፣ መመሳሰልም «ማች» ነው፤ ሸሚዙ ከሱሪው ጋር ማች አደረገ እንደሚባለው። ክብሪትም «ማች» ነው። እስኪ ተጠየቁ፦ ማን ከማን ይዛመዳል? ፍንጭ ልስጥ፤ አማርኛውን አድምጡ። «ገጠመ»። አዎ! ግጥሚያ ጨዋታ ነው፤ ክዳኑ ከዕቃው ጋር ገጠመ፣ ልክ ሆነ። እንግሊዝኛውም የሚነሣው «አቻ፣ ጓደኛ» ከሚል ጥንታዊ ቃል ነው፤ አቻዎች ይስማማሉ፣ አቻዎች ይወዳደራሉ። ክብሪቱ ግን ባዕድ ነው፤ የመብራት ክር ከሚል ሌላ ቃል በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ የመጣ ሞክሼ ነው። ስለዚህ ሁለቱን በ«ገጠመ» ያዙ፤ ክብሪቱን ደግሞ ራሳችሁ አጋጩት። ግጥሚያው መሐል ሜዳው ላይ ክብሪት የጫረ ተጫዋች ይታያችሁ፤ ዳኛው ይቅጣው።

«ዴት»ም እንዲሁ ነው። ቀንና ቀጠሮ ዘመዳሞች ናቸው። ቴምር ሞክሼ ነው። የቴምሩ ስም የመጣው በግሪክኛ ጣት ከሚለው ቃል ነው ይላሉ የቋንቋ ሊቃውንት። ቀን ደግሞ በምን ይቆጠራል? በጣት። እኔ ከዚህ የተሻለ ፈልጌ አላገኘሁም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልለይላችሁ። የቃል ታሪክ አንድ ነገር ነው፤ የማስታወሻ ተረት ሌላ ነገር ነው። ጣቱ ከቴምሩ ጋር በታሪክ ይገናኛል፤ ከቀኑ ጋር ያገናኘሁት እኔ ነኝ። የሁለቱን ድንበር እወቁ። «ኒውስ» የሚለው ቃል ከሰሜን፣ ከምሥራቅ፣ ከምዕራብና ከደቡብ የእንግሊዝኛ መጠሪያዎች የመጀመሪያ ፊደላት ተሠራ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። መምህራንም ያስተምሩታል። ሐሰት ነው። «አዲስ» ማለት ከሆነው ቃል የመጣ ነው፤ አዳዲስ ነገሮች ማለት ነው። ተረቱን ፊደል ለማስታወስ የሚጠቀምበት ይጠቀም፤ እንደ ታሪክ አድርጎ ለልጅ ማስተማር ግን ተገቢ አይደለም።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ ይህ የእኛው ነው። አማርኛ ከእንግሊዝኛ ቃል ሲዋስ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ትርጉም ብቻ ነው የሚወስደው። ባንክ ወሰድን፤ የወንዝ ዳርም «ባንክ» መሆኑን አልወሰድንም። ፋይል ወሰድን፤ ሞረዱን ተውነው። ፊልም ወሰድን፤ የቃሉ ጥንተ ትርጉም ግን ስስ ሽፋን ነው፤ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ የዘይት ስስ ሽፋን እስከ ዛሬ «ፊልም» ይባላል፤ ሲኒማው ስሙን ያገኘው በስስ ሽፋን ከተቀባው የፎቶ ጥቅል ነው። ስለዚህ በጣም የምታውቁት የሚመስላችሁ ቃል፣ በአማርኛ ውስጥ የሚኖረው ቃል፣ እርሱ ነው የሚያሳስታችሁ። አዲስ ቃል ሲገጥመን መዝገበ ቃላት እንገልጣለን። «ባንክ» ሲገጥመን ማን ይገልጣል?

ስለ ድምፅ ባጭሩ ልናገርና ልለፍ። አማርኛ «ዋና» ጠብቆ ሲነበብ ዐቢይ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ውኃ ውስጥ ነው። «ገና»ም እንዲሁ። እንግሊዝኛ የሚጠብቅና የሚላላ ባይኖረውም ጫና አለው። «ኦብጀክት» መጀመሪያው ላይ ጫን ሲባል ዕቃ ነው፤ መጨረሻው ላይ ጫን ሲባል መቃወም ነው። «ኮንቴንት» ከፊት ሲጫን ይዘት፣ ከኋላ ሲጫን የረካ። «ሬኮርድ»ም፣ «ፕሬዘንት»ም ይህንኑ ይከተላሉ፤ ስሙ ከፊት፣ ግሱ ከኋላ። ሁሉም ባለ ሁለት ክፍል ቃል ግን እንዲህ አይደለም፤ «ሪፖርት» ስምም ሆነ ግስ አይለወጥም። እነዚህን ቃላት ዝም ብላችሁ በዓይን አታጥኗቸው። ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ፤ ጎረቤት ቢሰማም ይስማ።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልሂድ፤ ሰዓቱን እያየሁ ነው። ምስሉን ሠራችሁ፣ ግሱን አገኛችሁ፤ ከዚያስ? ከዚያ ይረሳል። አዎ፣ ይረሳል። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላት እየሸመደደ ራሱን ፈተነ፤ እ.ኤ.አ. በ1885 ውጤቱን አሳተመ። ያገኘው ነገር፣ መርሳት መጀመሪያ ላይ በጣም ፈጣን፣ ከዚያ በኋላ እየዘገየ የሚሄድ መሆኑን ነው። ስለዚህ ክለሳው መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ቆይቶ ራቅ ራቅ ማለት አለበት። ዛሬ አጥንታችሁ ከሆነ ነገ ጠይቁ፤ ከዚያ ከጥቂት ቀናት በኋላ፤ ከዚያ ከሳምንታት በኋላ።

«ጠይቁ» ነው ያልኩት፤ «አንብቡ» አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ ባወጡት ጥናት ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተሰጠ ፈተና የተሻሉ ነበሩ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡትን ራሳቸውን እየፈተኑ ያስታወሱት በለጧቸው። ደጋግሞ ማንበብ ያወቅን ያስመስለናል። ያቺን ትጉህ ተማሪዬን ባለ ቀይ መስመር ደብተሯ ያታለላት በዚህ ነው።

ለክለሳው ካርድ የምትጠቀሙ ብዙ ናችሁ፤ በወረቀትም በስልክም። አንድ ነገር ለምኜ ልለፍ። ካርዱ ፊት ላይ «ቻርጅ» ብላችሁ ጀርባው ላይ አምስት ትርጉም አትጻፉ! እባካችሁ። ያ ካርድ ሳይሆን ዝርዝር ነው፤ ከደብተር ወደ ካርድ የተሰደደ ዝርዝር። ፊቱ ላይ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ጀርባው ላይ ቃሉ በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለውን አንድ ትርጉም ብቻ። ቃሉ ሦስት ትርጉም ካለው ሦስት ካርድ ይሁን፤ ሦስቱም በተለያየ ቀን ይምጡ። ከሥር በትንሹ እናትየዋን ጻፉ፤ «ጫነ» ብላችሁ። እንዲህ ስታደርጉ የምትለማመዱት መምረጥን ነው። ሰው ሲያናግራችሁም፣ ጋዜጣ ስታነቡም የሚፈለግባችሁ ይኸው መምረጥ ነው።

ሦስቱንም ትርጉም በአንድ ቀን አታጥኑ፤ ይህንንም ልጨምር። አንድ ስም ያላቸውን ሦስት እንግዳ ሰዎች በአንድ ቀን ብትተዋወቁ ማን ማን እንደሆነ ይጠፋባችኋል። ዛሬ ያገኛችሁትን ትርጉም ዛሬ ያዙ። ሌላው ሲመጣ ያን ጊዜ ዘመድ ነው ሞክሼ ብላችሁ ጠይቁት።

ከመጨረሴ በፊት ስለማይሠራበት ቦታ መናገር አለብኝ፤ ዘዴ ሸጦ ጉድለቱን የሚደብቅ ሰው አልወድም። አንዳንድ ቃላት አሉ፤ ትንንሽ ናቸው፣ ሁልጊዜ የምንሰማቸው ናቸው፣ ግን ለየትኛውም የማስታወሻ ምስል አይመቹም። አንዱ «ሴት» የሚባለው ነው፤ የእኛዋ ሴት አይደለችም፤ ማስቀመጥ፣ ማዘጋጀት፣ መጥለቅ፣ መርጋት፣ ስብስብና ሌላም ሌላም የሆነው የእንግሊዝኛው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የትልቁ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም ለዚህ ቃል ከ400 በላይ ትርጉሞች ሰጥቶታል። በኋላ አዘጋጆቹ መዝገበ ቃላቱን ሲከልሱ ደግሞ «ረን»፣ መሮጥ የሚለው፣ ቀድሞት ሄደ፤ በግስነቱ ብቻ ከ600 በላይ።

እና 600 የሌሊት ወፍ ልንሥል ነው? አይሆንም። ለ«ረን» እናት አለችው፤ ሳይቋረጥ መሄድ ነው። ወንዝ «ረን» ያደርጋል፣ ሞተር፣ ፕሮግራም፣ ንፍጥ የያዘው ሰው አፍንጫ ሳይቀር። ድርጅት የሚመራ ሰውም ድርጅቱን «ረን» ያደርገዋል። እናቲቱ እስከዚህ ትወስዳችኋለች። ከዚያ በኋላ ያለው በጎኑ ከሚቆም ቃል ጋር ነው የሚማሩት፤ ሐረጉን ከነነፍሱ፣ እንዳለ፣ እንደ አንድ ቃል። ለእነዚህ ቃላት ዘዴው ብዙ ማንበብና ብዙ መስማት ነው። ሌላ ዘዴ አለ የሚላችሁ ካለ መጽሐፍ ሊሸጥላችሁ ነው።

ባለፈው ተመሳሳይ ንግግር ሳደርግ አንድ ወጣት ተነሥቶ «የሁሉንም ቃላት ምስል አዘጋጅተው ለምን አይሰጡንም?» አለኝ። ጥያቄው ደግ ነው፤ መልሴ ግን እንቢታ ነው። የእኔ ባት የእናንተ ባት አይደለም። ስለዚህ ዛሬ በባዶ እጅ አትሄዱም፤ ግን የምትይዙት የራሳችሁን ነው።

መግቢያው ላይ ወረቀትና እርሳስ ተሰጥቷችኋል። አንድ ቃል እሰጣችኋለሁ፦ «ሲል»። በእንግሊዝኛ አንደኛው ትርጉሙ ማኅተም ነው። ሁለተኛው ማሸግ፣ እንዳይከፈት አድርጎ መዝጋት ነው። ሦስተኛው ባሕር ውስጥ የሚኖር፣ ዓሣ የሚበላ፣ ቆዳው የሚያንጸባርቅ አጥቢ እንስሳ ነው። ከሦስቱ የትኞቹ ዘመዳሞች ናቸው? የቱ ሞክሼ ነው? ገምቱ፤ ከዚያ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያሉትን መዝገበ ቃላት መጥታችሁ ተመልከቱ፤ ያቺን ትንሽ ቁጥር ፈልጉ። ቀጥሎ ለሞክሼው ምስል ሥሩለት። የአማርኛው «ሲል»፣ «እንዲህ ሲል ተናገረ» የምንለው፣ ከረዳችሁ ተጠቀሙበት። ሥዕል አልችልም የሚል በቃል ይጻፍ።

አሥር ደቂቃ አላችሁ። ልጆች፣ እናንተ ቀድማችሁ ትጨርሳላችሁና ወላጆቻችሁን አግዙ። ከዚያ አምስት ሰው ወደ መድረክ ወጥቶ ያሳየናል፤ ከፊት ከተቀመጡት እጀምራለሁ ብያለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ከእነርሱ በኋላ። አመሰግናለሁ፤ እርሳሶቻችሁን አንሡ።